ከኦፓልና ከድንጋይ ከሰል ቁፋሮ በታች የሚወርድ ወንዝን ፍሰትና ጥራት መከታተል፦ ለወሎ ደጋ የአሠራር መመሪያ

ከማዕድን ማውጫ በታች ስለሚወርድ ወንዝ ክርክር ሲነሳ አንዱ ወገን ድፍርስ ውኃ በጠርሙስ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የላቦራቶሪ ወረቀት ያወጣል። ሁለቱም ብቻቸውን አያስኬዱም። ውኃው ሲቀዳ ወንዙ በሴኮንድ ስንት ሊትር ይወርድ እንደነበር ካልታወቀና ከማውጫው በላይ ያለው ውኃ በዚያው ቀን ምን ይመስል እንደነበር ካልተመዘገበ፣ ቁጥሩን ሁሉም እንደሚመቸው ይተረጉመዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ ፍሰትና ጥራትን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ ከማውጫው በላይም በታችም አብሮ መለካት ላይ የተመሠረተ ነው። ለሥራው ሁለት ሰው ይበቃል፤ ሦስት ከሆናችሁ አንዱ መዝጋቢ ይሁን። ብቻውን ወንዝ የሚገባ ሰው ግን አይኑር።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን እወቁ

በደላንታ ኦፓሉ (የጌጥ ድንጋዩ) የሚገኘው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ባለ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ነው። ቁፋሮው በአብዛኛው በእጅ መሣሪያ፣ በገደል አፋፍ ላይ የሚካሄድ ሲሆን ድንጋዩን ለመለየት ኬሚካል አያስፈልግም። ስለዚህ ከኦፓል ጉድጓድ በታች ሜርኩሪ ወይም ሲያናይድ ፍለጋ ገንዘብ አታባክኑ። እዚያ የሚታየው ችግር ወደ ገደሉ የሚደፋው አፈርና ስብርባሪ፣ ማለትም ደለል ነው። ፈንጂ የሚጠቀም ሰው ካለ ናይትሬትና አሞኒያ ይጨመርበታል። ብዙ ሰው የሚውልበትና የሚያድርበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ የሰገራ ብክለት መመርመር አለበት፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል።

እንደ ውጫሌ አካባቢ ያለው የድንጋይ ከሰል ሌላ ጠባይ አለው። ከከሰሉ ጋር ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ሊኖር ይችላል። ይህ ማዕድን ተቆፍሮ አየርና ውኃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ፣ ብረትና ሰልፌት ይለቃል። እዚህ ላይ ወሎን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፦ አካባቢው ጥቁር ድንጋይ ስለሚበዛበት የወንዞቹ ውኃ በአብዛኛው ወደ አልካላይነት፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ ጠባይ፣ ያደላል፣ የሚገባበትንም አሲድ የማርገብ አቅም አለው። በዚህ ምክንያት ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ ሲወርድ አሲድ ነው) 7.5 ወይም 8 ላይ ሳይነቃነቅ ሰልፌቱና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ (ውኃው ውስጥ የሟሟ ጨው ሲበዛ ከፍ የሚለው ቁጥር) ለወራት ሲጨምር ሊቆይ ይችላል። ፒኤች የሚወርደው የማርገብ አቅሙ ካለቀ በኋላ ነው። ፒኤች ብቻ እየለኩ «ሰላም ነው» ማለት የሚያስጠቃው ለዚህ ነው። ሰልፌትንና አልካላይነትን (ላቦራቶሪ የሚለካውን የማርገብ አቅም) አብራችሁ ተከታተሉ፦ ሰልፌት ሲጨምር አልካላይነት እየወረደ ከሆነ አሲዱ እየመጣ ነው።

በዓይን የሚታይ ምልክትም አለ። ድንጋይ ላይ የተጋገረ ብርቱካናማ ዝቃጭ ብረት ነው። ነጭ ዝቃጭ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ አሲዳማ ውኃ ከንጹሕ ገባር ጋር ሲቀላቀል ይታያል። ረጋ ያለ ውኃ ላይ እንደ ዘይት የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር ካያችሁ በእንጨት ንኩት። እንደ ስስ ቅርፊት ተሰባብሮ ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ነው፤ ተመልሶ ከተገጣጠመ ናፍጣ ወይም ዘይት ነው።

የመለኪያ ቦታ መምረጥ

ቢያንስ ሦስት ቦታ ያስፈልጋል፦ አንዱ ከማውጫው በላይ፣ ሁለተኛው የመጨረሻው ፍሳሽ ከገባበት በታች፣ ሦስተኛው ሰዎች ውኃ ከሚቀዱበት ወይም መስኖ ከሚጠለፍበት ትንሽ ከፍ ብሎ። የላይኛው ቦታ ከቁፋሮው፣ ከመንገዱና ከተከመረው አፈር ሁሉ በላይ መሆን አለበት። የኦፓል ጉድጓዶች በገደሉ ወገብ ላይ ተደርድረው ስለሚሄዱ «በላይ» የሚባል ቦታ የማይገኝበት ጊዜ አለ። እንዲያ ሲሆን ቁፋሮ የሌለበትን፣ ተዳፋቱና የእርሻ አያያዙ የሚመሳሰለውን ጎረቤት ሸለቆ ማነጻጸሪያ አድርጉ።

ገባር ወንዝ ወይም የጉድጓድ ፍሳሽ ከገባበት ሥር ወዲያው አትቅዱ። ሁለቱ ውኆች ሳይቀላቀሉ በግራና በቀኝ ተለያይተው ረጅም መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በግራ ዳር፣ በመሐልና በቀኝ ዳር የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን ለኩ። ሦስቱ ቁጥሮች ከመቶ 5 በላይ ከተለያዩ ወደ ታች ውረዱ።

በበጋ ከመለካታችሁ በፊት የውኃ አባቱን፣ ማለትም የመስኖ ተራ የሚያስጠብቁትን ሰው፣ አነጋግሩ። ከላይ ያለው ጠለፋ ዛሬ የማን ተራ እንደሆነ፣ ውኃው ወደ ማሳ የሚዞረው በስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግሯችኋል። ይህን ሳትጠይቁ የለካችሁት ፍሰት በግማሽ ቢያንስ «ማዕድኑ ውኃውን አደረቀው» ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ይወስዳችኋል። ልብስ የሚታጠብበትንም ቦታና ቀን ጠይቁ፤ ሳሙና ፒኤችንና አስተላላፊነትን ከፍ ያደርጋል።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ የማይነቃነቅ ዓለት ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ በጂፒኤስ መዝግቡ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ፎቶ አንሱ። ከዚያ በኋላ ቦታ አትቀይሩ። ቁፋሮው ገና ካልተጀመረ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፦ ቢያንስ አንድ በልግ፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ የሚሸፍን መነሻ መረጃ ሰብስቡ። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የሚዘጋጅ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ካለም በውስጡ ያለውን የውኃ መረጃ ጠይቃችሁ ከራሳችሁ ጋር አስተያዩት።

ፍሰት መለካት

*ለምንጭና ለቀጭን ፍሳሽ።* ውኃውን በቧንቧ ወይም በቆርቆሮ አሸንዳ ሰብስባችሁ 20 ሊትር ጀሪካን ወይም ባልዲ ሙሉ፣ በስልካችሁ ሴኮንድ ቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። 20 ሊትር በ16 ሴኮንድ ከሞላ 1.25 ሊትር በሴኮንድ ነው። ጀሪካኑ ከ5 ሴኮንድ በታች ከሞላ ስሕተቱ ስለሚበዛ ሌላ ዘዴ ተጠቀሙ። ደግሞም ጀሪካን ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ ይይዛል። አንድ ጊዜ በታወቀ መለኪያ ሞልታችሁ የ20 ሊትሩን መስመር በማርከር አስምሩበት።

*ተንሳፋፊ ዘዴ።* 10 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ፣ ትልቅ ድንጋይና ማዕበል የሌለበት ክፍል ፈልጉ። በላይና በታች ሲባጎ ወጥሩ። ለተንሳፋፊነት ብርቱካን ወይም ሎሚ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው አካሉ ውኃ ውስጥ ስለሚጠልቅ ነፋስ አይገፋውም። ፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ነፋስ ይጫወትበታል። ከላይኛው ሲባጎ 2 ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ጣሉ፣ ፍጥነቱን ይዞ ይድረስ። አምስት ጊዜ ደጋግሙ፤ ዳር ይዞ የቆመውን አትቁጠሩ።

ከዚያ ጥልቀቱን በየ40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትሩ ለኩ። ለምሳሌ ስፋቱ 2.4 ሜትር በሆነ ወንዝ ላይ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ የተገኘው ጥልቀት 12፣ 20፣ 26፣ 22 እና 10 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ሁለቱ ዳሮች ዜሮ ናቸው። ድምሩ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 0.90 ሜትር ነው። በ0.4 ሲባዛ 0.36 ካሬ ሜትር ይሆናል። ብርቱካኑ 10 ሜትሩን በአማካይ በ20 ሴኮንድ ከሄደ ፍጥነቱ 0.5 ሜትር በሴኮንድ ነው። ይህ ግን የላዩ ፍጥነት ነው፤ ታችኛው ውኃ ከድንጋይ ጋር እየታገለ ስለሚሄድ ይዘገያል። ወለሉ ለስላሳ ከሆነ በ0.85፣ እንደ አብዛኞቹ የወሎ ወንዞች ድንጋያማና ጥልቀት የሌለው ከሆነ በ0.7 አባዙ። 0.36 × 0.5 × 0.7 = 0.126 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 126 ሊትር በሴኮንድ። በዚህ ዘዴ ከመቶ 20 መሳሳት ያለ ነው፤ ስለዚህ ከላይና ከታች የለካችሁት ልዩነት ከዚያ ካነሰ ልዩነት አለ ብላችሁ አትጻፉ።

*ጨው መጣል።* ወንዙ በድንጋይ መካከል እየተላተመ የሚወርድ ከሆነ ተንሳፋፊ አይሠራም፤ ጨው ግን እንዲያውም የተሻለ ይሠራል። ለእያንዳንዱ 100 ሊትር በሴኮንድ ግምት ከ200 እስከ 250 ግራም ደቃቅ የገበታ ጨው በኩሽና ሚዛን መዝኑ፣ ቢያንስ 10 ሊትር በሚሆን የወንዙ ውኃ ባልዲ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አሟሙ፣ በአንድ ጊዜ መሐል ወንዙ ላይ ድፉ። ከወንዙ ስፋት 25 እጥፍ ያህል ወረድ ብሎ የቆመው ባልደረባችሁ ደግሞ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን በየ5 ሴኮንዱ ይመዝግብ፤ ቁጥሩ ወጥቶ ወደ መነሻው (ጨው ከመድረሱ በፊት ወደነበረው ንባብ) እስኪመለስ ድረስ አያቁም። ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ መነሻውን ቀንሳችሁ ደምሩ። 1 ሚሊ ግራም ጨው በሊትር አስተላላፊነቱን 2 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጨምር ስሌቱ ይህ ነው፦

ፍሰት (ሊትር በሴኮንድ) = የጨው ሚሊ ግራም ÷ (0.5 × የጭማሪዎቹ ድምር × 5)

500 ግራም ጨው ተጥሎ የጭማሪዎቹ ድምር 1,000 ቢመጣ፣ 500,000 ÷ 2,500 = 200 ሊትር በሴኮንድ። ሥር የቀረ ያልሟሟ ጨው፣ በመካከል ያለ ኩሬ፣ ወይም ወደ መነሻው ሳይመለስ የተቋረጠ ንባብ ስሌቱን ያበላሻል። ለላቦራቶሪ የሚሄደውን ናሙና ጨው ከመጣላችሁ በፊት ቅዱ። በታች ውኃ የሚቀዳ ወይም ከብት የሚያጠጣ ሰው ካለም ቀድማችሁ ንገሩ፤ መጠኑ ጉዳት ባያደርስም ባልዲ ሙሉ ነገር ወንዝ ውስጥ የሚደፋ እንግዳ በማዕድን አካባቢ መጠርጠሩ አይቀርም።

*ባለ ሦስት ማዕዘን ግድብ።* ከጉድጓድ የሚወጣን ፍሳሽ ወይም እስከ 60 ሊትር በሴኮንድ የሚደርስ ጅረት በቋሚነት ለመከታተል ይህን የሚስተካከል የለም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ብረታ ብረት ቤት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ላይ 90 ዲግሪ የሆነ ሦስት ማዕዘን ያውጣላችሁ፤ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የላይ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር። የተቆረጠው ጠርዝ በታችኛው ፊቱ ተሞርዶ ስለት ይያዝ። ላሜራውን በጅረቱ ላይ አቋርጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፣ አናቱን በውኃ ልክ አስተካክሉ፣ ሥሩንና ጎኑን በጭቃና በላስቲክ ድፈኑ። ውኃው ከስለቱ ተላቆ በአየር ላይ መውደቅ አለበት፤ ላሜራውን እየላሰ ከወረደ ወይም የታችኛው ውኃ ወደ ስለቱ ከደረሰ ንባቡ ስሕተት ነው።

የውኃውን ከፍታ ስለቱ ላይ አትለኩ፣ እዚያ ውኃው ጎንበስ ብሏል። ወደ ላይ 1.2 ሜትር ያህል ርቆ የተተከለ ባለ ሴንቲ ሜትር ዘንግ ላይ አንብቡ፤ የዘንጉ ዜሮ ከሦስት ማዕዘኑ ሥር ጋር እኩል ይሁን። ከዚያ በዚህ ተርጉሙት፦

5 ሴንቲ ሜትር — 0.77 ሊትር በሴኮንድ
10 ሴንቲ ሜትር — 4.4
15 ሴንቲ ሜትር — 12
20 ሴንቲ ሜትር — 24.7
25 ሴንቲ ሜትር — 43
30 ሴንቲ ሜትር — 68

በመካከል ላለው ከፍታ 1.38 ን በሜትር በተለካው ከፍታ 2.5 ኛ ኃይል አባዙ፤ ውጤቱ በሜትር ኩብ በሴኮንድ ይሆናል። ከ10 ወደ 11 ሴንቲ ሜትር መሳሳት ብቻ ከመቶ 27 ስሕተት ስለሚያመጣ ጎንበስ ብላችሁ በዓይን ትክክል አንብቡ። ከኦፓል ጉድጓድ በታች ይህን ግድብ የሚያበላሸው ደለል ነው። ከግድቡ ጀርባ ያለው ኩሬ ሲሞላ ውኃው ፍጥነት ይዞ ይደርሳል፣ ዘንጉም ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። ደለሉን ከንባቡ አንድ ቀን ቀድማችሁ ጥረጉ። የጠረጋችሁት ዕለት ናሙና አትቅዱ።

ጥራት፦ በቦታው የሚለካ

ፒኤች፣ አስተላላፊነትና ሙቀት ወንዙ ዳር ይለካሉ፤ ላቦራቶሪ እስኪደርሱ ይለወጣሉ። የፒኤች መለኪያውን በዕለቱ ጠዋት በ7 እና በ10 ማስተካከያ ፈሳሽ፣ አሲድ በሚጠበቅበት ቦታ ደግሞ በ7 እና በ4 አስተካክሉ። አስተላላፊነቱን በ1,413 ማይክሮ ሲመንስ ፈሳሽ ፈትሹ። የፒኤች መለኪያውን ጫፍ በተጣራ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ያበላሸዋል፤ የራሱ ማቆያ ፈሳሽ ይኑረው። የሟሟ ኦክስጅን የምትለኩ ከሆነ መሣሪያው ላይ የቦታውን ከፍታ አስገቡ፤ ከ2,500 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ያለዚህ ጤነኛ ወንዝ የታመመ ይመስላል።

ናሙና አቀዳድ

አዲስና ንጹሕ ጠርሙስ ተጠቀሙ፤ ዘይት ወይም አረቄ የነበረበት አይሆንም። ወንዙ ውስጥ ፊታችሁን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙራችሁ ቁሙ፣ ጠርሙሱን ከፊታችሁ አጥልቁ፤ እግራችሁ ያስነሳው ጭቃ ወደ ኋላ ይሂድ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እየወጣችሁ ቅዱ። ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ በወንዙ ውኃ አለቅልቁ። ለባክቴሪያ የተዘጋጀውንና ቀድሞ አሲድ የተደረገበትን ግን አታለቅልቁ።

ከእያንዳንዱ ቦታ የሚያስፈልገው ይህ ነው።

1. 500 ሚሊ ሊትር ያልተጣራ፣ ምንም ያልተጨመረበት፦ ለሰልፌት፣ ለአልካላይነትና ለደለል። ለአልካላይነት አየር ሳይቀር እስከ አፉ ይሞላ።
2. 250 ሚሊ ሊትር በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ የተጣራና ከዚያ በኋላ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች የወረደ፦ ለሟሟ ብረታ ብረት።
3. 250 ሚሊ ሊትር ያልተጣራ፣ አሲድ የተጨመረበት፦ ለጠቅላላ ብረታ ብረት።
4. እንደ ሁኔታው ለናይትሬትና ለባክቴሪያ የተለየ ጠርሙስ።

የማጣሪያው ቅደም ተከተል ቀልድ አይደለም። አሲድ ቀድሞ ከገባ ደለሉ ላይ የተጣበቀውን ብረት አሟምቶ «የሟሟ» ያስመስለዋል። በክረምት ከጥቁር ድንጋይ የተገኘ አፈር የተሸከመ ውኃ ማዕድን ማውጫ በሌለበት ሸለቆም በጠቅላላ ናሙናው ውስጥ ብዙ ብረትና አሉሚኒየም ያሳያል። ሁለቱን ሳይለዩ የሚጮህ ሪፖርት በአንድ ጥያቄ ይወድቃል።

አሲዱ ግማሽ በግማሽ የተበጠበጠ ከሆነ ለ250 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ጓንትና መነጽር ይኑር፤ ሲበጠበጥ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ፒኤቹን ለማረጋገጥ ጠብታ ወረቀት ላይ አንጠባጥቡ፣ ወረቀቱን ጠርሙሱ ውስጥ አትንከሩ።

ለማቀዝቀዣ በረዶ ከሌለ በዋዜማው ሃይላንድ ጠርሙሶች ውኃ ሞልታችሁ አግግሩ፣ በፎም ሳጥን ውስጥ ከናሙናዎቹ ጋር ደርድሩ። የሚፈለገው 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባክቴሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ናይትሬት በ48 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት፤ ሰልፌት እስከ 28 ቀን፣ አሲድ የተደረገበት ብረታ ብረት (ከሜርኩሪ በቀር) እስከ 6 ወር ይቆያል። ከአሥር ናሙና አንዱን በድብቅ መለያ ደግማችሁ ላኩ። በአንድ ጠርሙስ ደግሞ የተጣራ ውኃ ወንዙ ዳር ሞልታችሁ፣ አጣርታችሁ፣ አሲድ ጨምራችሁ ላኩ። በዚህኛው ዚንክ ወይም እርሳስ ከተገኘ ብክለቱ የመጣው ከእናንተ ዕቃ ነው።

ደለልና የመጀመሪያው ጎርፍ

በወር አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ቀን መለካት ለበጋ ይበቃል። የኦፓል ደለል ግን የወር ቀጠሮ አያከብርም። አብዛኛው የሚወርደው በበልግ መጀመሪያና በሰኔ መጨረሻ በሚመጡት የመጀመሪያ ጎርፎች፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ለእነዚህ ቀናት በቅርብ የሚኖር ሰው አሠልጥናችሁ ባዶ ጠርሙሶች ስጡት። ውኃው እየሞላ ሳለ የተቀዳ ናሙና በዚያው ከፍታ እየጎደለ ሳለ ከተቀዳው ብዙውን ጊዜ የበለጠ ደለል ስለሚይዝ «እየሞላ» ወይም «እየጎደለ» ብሎ ይጻፍ። ከባድ ደለል ወለሉ አጠገብ ስለሚሄድ ጠርሙሱን ከላይ እስከ ታች በእኩል ፍጥነት አውርዶ ማውጣት እንጂ ከላይ መጭለፍ ትክክለኛውን አያሳይም። ይህ ሁሉ ከድልድይ ወይም ከዳር ሆኖ፣ ጠርሙሱ በገመድ በታሰረ ዘንግ ላይ ተሰክቶ ይሠራ። የላይኛው ሰማይ ከጠቆረ ደራሽ ስለሚመጣ ማንም ወንዝ ውስጥ አይግባ፤ በደህናው ቀንም ከጉልበት በላይ የሆነ ፈጣን ውኃ ውስጥ አትግቡ።

መዝገቡና ስሌቱ

ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተቀዳ ናሙና ላቦራቶሪው ቅጽ ላይ 3 ሰዓት ብቻ ተብሎ ከገባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንደተቀዳ ተደርጎ ይነበባል፣ የባክቴሪያውም የ24 ሰዓት ገደብ ያለፈ ይመስላል። ላለፉት ሁለት ቀናት ዝናብ መዝነብ አለመዝነቡ፣ ጠለፋው ክፍት መሆን አለመሆኑ፣ ጉድጓዱ ላይ ሥራ መኖር አለመኖሩ አብሮ ይጻፍ። እርሳስ ተጠቀሙ፤ እስክርቢቶ ውኃ ሲነካው ይፈሳል።

ከዚያ ጭነቱን፣ ማለትም ወንዙ በቀን ተሸክሞ የሚወርደውን መጠን፣ አስሉ፦ ሚሊ ግራም በሊትር × ሊትር በሴኮንድ × 0.0864 = ኪሎ ግራም በቀን። ለምሳሌ በመስከረም ሰልፌት 60 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ፍሰቱ 126 ሊትር በሴኮንድ ቢሆን በቀን 653 ኪሎ ግራም ይወርዳል። በጥር ሰልፌቱ 200 ደርሶ ፍሰቱ ወደ 20 ቢወርድ 346 ኪሎ ግራም ነው። ወረቀቱ ላይ ብክለቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ወንዙ በቀን ይዞት የሚወርደው ግን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ሁለቱም እውነት ነው፦ ለሚጠጣው ሰው የጥር ወር ውኃ ይከፋል፣ ጉድጓዱ ስንት እየለቀቀ ነው ለሚለው ግን መልሱ ጭነቱ ነው። ከታችኛው ጭነት ላይ የላይኛውንና በመካከል የገቡትን ምንጮች ስትቀንሱ የማውጫው ድርሻ ይቀራል።

ለመጠጥ የሚውል ውኃ ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ላይ ያሉትን ወሰኖች አጠገቡ ጻፉ፦ አርሴኒክ 0.01፣ እርሳስ 0.01፣ ካድሚየም 0.003፣ ፍሎራይድ 1.5፣ ናይትሬት 50 ሚሊ ግራም በሊትር። አንድ ቁጥር ወሰን ካለፈ በመጀመሪያ ድጋሚ ቅዱ፣ የላይኛውንም አብራችሁ። ድጋሚውም ካለፈ የሚቀዱትን ሰዎች ሪፖርቱ እስኪጻፍ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን አሳውቁ፣ ለወረዳው ውኃና ጤና ጽሕፈት ቤት የመዝገቡን ገጽ ፎቶ ላኩ። ከደላንታ የሚወርደው በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ፣ ከአምባሰል ምሥራቃዊ ተዳፋት የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ስለሚሄድ፣ የዓመቱን መረጃ ስታስገቡ ተፋሰሱን ለይታችሁ ጻፉ፤ የመዝገቡ ዋናው ቅጂ ግን ቀበሌ ይቅር።